ሰዓቱ ከየት ይጀምራል

በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ «ደቂቃ» ነው። ሥራው ሥራን መለካት ነው፤ ባለጉዳይ ምን ያህል እንደጠበቀ፣ ጉዳዩ በአንዴ አለቀለት ወይስ «ነገ ይምጡ» ተባለ፣ የተጠገነው ቆጣሪ ጸና ወይስ ተመልሶ ተበላሸ፣ ይህን ሁሉ እየለካ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል። አመል ሆኖበት ቤቱንም ይለካል። ሽንኩርት ሲቁላላ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ከነቀነቀ፣ ሚስቱ ማማሰያውን ታስጨብጠውና ትወጣለች። አማቱማ «ልጄን ለሰው የዳርኩ መስሎኝ ለግድግዳ ሰዓት ዳርኳት» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ይህን ይሰማል፣ ይከነክነዋል፤ ግን አማት ናቸውና ይስቃል።

ዘንድሮ ደቂቃ ደረቱን ነፍቷል። መግቢያው ላይ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን አስተክሏል፤ ባለጉዳይ ቁጥር ሲወስድ ሰዓቱ ይጀምራል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የጥበቃው ጊዜ እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ቢለው ውጤቱን በቦርዱ ፊት እንዲያቀርብና በዚያው የክፍል ኃላፊ ሆኖ እንዲሾም ወሰነ። ደቂቃ ይህን ሹመት ዓመታት ሙሉ ሲያንጋጥጥለት ኖሯል።

በስብሰባው ዋዜማ አማቱ የውሃ ቆጣሪያቸው እንደተበላሸ ነገሩት። «እኔ ላስጨርስልዎ» ማለት ሲገባው ጉራ አሸነፈው።

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ወንበሩ ሳይሞቅ ጨርሰው ይወጣሉ።»

«እስቲ እናያለን» አሉ።

ደቂቃ መሥሪያ ቤቱ የሚገባው ሁልጊዜ በጓሮው በር ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን አማቱን ፍለጋ በፊት ለፊቱ በር መጣ። አጥሩ ጥግ ሰው ተኮልኩሏል። ከመሃል አማቱ ፀሐዩን በቦርሳቸው ከልለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ክው አለ።

«እማማ፣ ምነው አልገቡም?»

«ዘበኛው ተራችሁ ሲደርስ አለና። ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

ዘበኛው ፈገግ እያለ ቀረበ። «ጋሼ፣ አያስቡ። ቁጥር ከወሰዱ ሰዓቱ ይቆጥርብዎታል ብዬ እዚህ ነው የማቆያቸው። አንዱ ሲወጣ አንዱን አስገባለሁ። ስምዎን አስጠራሁ እኮ።»

ደቂቃ ሊቆጣ ብሎ አቃተው። ሰውየው በቅን ልቦና ነው የለፋለት።

አማቱ ቀና ብለው አዩት። «ለመሆኑ የእኔን ሰዓት ከየት ነው የምትጀምረው?» አሉት። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ደክሟቸው ነበር። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ፎቅ ላይ ቦርዱ እየጠበቀው ነው። ሰዎቹን ስብሰባው እስኪያልቅ እዚያው ቢተዋቸው ማንም አያውቅበትም፤ ሹመቱም የእጁ ነው። ይህን አላሰበም ብንል እንዋሻለን። አሰበና ወደ ዘበኛው ዞረ።

«በሩን ክፈተው። ሁሉም ገብተው ቁጥር ይውሰዱ።»

«ዛሬ? ቦርዱ ባለበት?»

«ዛሬ።»

የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ የወረፋውን ብዛት የሚያሳይ ስክሪን አለ፤ ያሰቀለውም ራሱ ደቂቃ ነው። ገና «ክቡራን የቦርድ አባላት» ከማለቱ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው ቀይ ሆነ። ቁጥሩ እንደተጣደ ወተት ሽቅብ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ሆኖ ነው? ተበላሸ እንዴ?»

«የለም» አለ ደቂቃ፤ «ሰዎቹ ገብተው ነው።»

ከዚያም ውጭ ፀሐይ ላይ ስለከረሙት ሰዎች፣ ሰዓቱን ያለቦታው ያስጀመረውም እሱ ራሱ ስለመሆኑ ተናገረ። የሹመቱ ነገር «ወደፊት ይታያል» ተባለ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም።

ሲወርድ የባለጉዳይ አዳራሹ ጢም ብሏል። አማቱ ጥግ ላይ ቁጥራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፊቱን አዩት። ከሠርጉ ወዲህ አጠገባቸው ና ብለውት አያውቁም። ቦርሳቸውን ከጎናቸው ወንበር አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ና ቁጭ በል ልጄ» አሉት፤ «ወረፋው ገና ነው።»