ኢየሩሳሌምን መልስልኝ

ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ ማረሻ በዶለዶመ ቁጥር ደስ የሚለው እኔን ብቻ ነበር። ማረሻው ዶለዶመ ማለት ወደ አያ ይርጋ እንወርዳለን ማለት ነው። አያ ይርጋ የመንደራችን ቀጥቃጭ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነ ጎረቤታችን ነበር። ያኔ ወገራ ላይ እኛ እናርሳለን፣ እነሱ ማረሻውን ይሠሩልናል፤ አዝመራው ሲገባ ከገብሱ ለቤታቸው ይደርሳል።

ብረቱ እስኪግል፣ ወናፉ ፍሙን ሲያቀላው ሲያጠቁረው፣ አያ ይርጋ ተረቱንም እንቆቅልሹንም ያወርደው ነበር። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣልና፣ እኔ ዘወትር ተሸናፊዋ ጎንደርን፣ ደባርቅን፣ ዛሪማን ሰጠሁት። እሱ ግን በአንዱም አይረካ።

«ምነው ልጄ! ሸጋ አገር ስጪኝ እንጂ!»

አንድ ምሽት ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ የማውቀው አገር ሁሉ አለቀብኝና «በቃ፣ ኢየሩሳሌምን!» አልኩት። መዶሻው ቆመ። «ተቀበልኩ» አለ፤ ድምፁ የጨዋታ አልነበረም።

በዓመቱ ከነቤተሰቡ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ነው ተባለ። አባቴ ስለ እርሻው ተጨነቀ። እኔ ግን አገሩን የሰጠሁት እኔ ነኝና የሚሄደው በእኔ ምክንያት መሰለኝ። በእንቆቅልሽ የሄደ በእንቆቅልሽ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻው ምሽት አባቴ ያሉትን ማረሻዎች ሁሉ ተሸክሞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሥራው ሲያልቅ «እንቆቅልሽ!» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ» አለ አያ ይርጋ።

የጠየቅሁት ራሱ ያስተማረኝን ነበር፤ ሌላ አላውቅማ። ፍሙን ትኩር ብሎ አየና «ጠፋኝ» አለ።

«አገር ስጠኝ! ኢየሩሳሌምን መልስልኝ!» እንባዬ ቀደመኝ።

«ተይ አንቺ!» አለኝ አባቴ።

አያ ይርጋ አልሳቀም። «እሱን እንኳ አልችልም፣ ልጄ» አለ፤ በበሩ በኩል ማሳውንና ጭስ የሚወጣባቸውን ቤቶች እያየ። «ይችን መንደር ሰጠሁሽ። ያለችኝ እሷ ናት።»

ከዚያ ወዲህ አባቴ ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ሩቅ ገበያ ይመላለስ ጀመር። እሱ እስኪመለስ ዝናቡ አይጠብቀው፤ ማሳው ጦም ያደረበት ክረምት መጣ፣ በሬዎቹ ተሸጡ፣ እኛም ጎንደር ገባን።

ዛሬ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ሱቅ አለኝ። ልጆቼ እንቆቅልሽ ረትተውኝ «እማዬ፣ አገር ስጪን!» ሲሉኝ አፌ ያመጣልኝን አገር ሁሉ እሰጣለሁ። የመንደሬን ስም ግን ከአፌ ማውጣት ያቅተኛል። አያ ይርጋ ሲሄድ ለኔ ሰጥቷት ነበር፤ እኔ ስሄድ የምሰጣት ሰው አጣሁ።