በጀልባው ምርቃት ላይ የተናገርኩት

ሟርተኛ ነህ ተብያለሁ። ምላሰ ጥቁር ነህ ተብያለሁ። ያውም በማን? ከልጅነቴ ጀምሮ በማውቀው ሰው፣ ከውሃ ውስጥ በሸሚዙ አንገት ጎትቼ ባወጣሁት ሰው! ይህን እያሰብኩ ስንት ጊዜ ብቻዬን መንገድ ላይ እንዳጉረመረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የሰፈር ሰው አብዷል ብሎ ይሆናል።

ነገሩ የጀልባ ነገር ነው። ነቀምቴ ሐይቅ የላትም፤ የጀልባ ባለቤቶች ግን አሏት። በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ብየዳ ቤት ጓሮ እሑድ እሑድ እንሰበሰባለን። ጀልባዎቻችንን እዚያ እናድሳለን፣ መንገዱ ደህና በሆነ ሰሞን በጭነት መኪና ጭነን ፊንጫ ሐይቅ እንወስዳቸዋለን፣ ዓሣ እናጠምድባቸዋለን፣ ሲጎዱ ደግሞ መልሰን እናመጣቸዋለን። በተገለበጡ ጀልባዎች መሀል ቁጭ ብለን ስንከራከር ያየ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ይስቅብናል። ይሳቅ፣ ምን ቸገረን።

ጀልባዎቹ ያረጁ የአልሙኒየም ጀልባዎች ናቸው። አንድ የዓሣ ፕሮጀክት ድሮ ሲዘጋ ሐይቁ ዳር ጥሏቸው ሄዶ ሣር በቅሎባቸው ነበር። በጨረታ ባንገዛቸው ኖሮ ቆራሌው ሰብስቧቸው፣ ቀልጠው ድስት ይሆኑ ነበር። ጎናቸው የተጨራመተውን በእንጨት መዶሻ እያቃናን፣ ቀዳዳቸውን በቁራጭ አልሙኒየምና በሪቬት ምስማር እየደፈንን ነፍስ ዘራንባቸው። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

ወሬያችን ከጀልባ አይወጣም። አንዱ «ቢጫ ቀለም ፀሐይ አይበላውም» ይላል። ሌላው «ቢጫ ዓሣ ያስበረግጋል» ብሎ ይነሣበታል።

«ዓሣ ከታች ሆኖ ቀለም ያያል እንዴ?»

«አያይም ያለህ ማነው? ጠይቀኸዋል?»

አንዱ የባጃጅ ሸራ አምጥቶ ለጀልባው ጣሪያ ይሠራለታል። አንዱ የጀልባው አፍንጫ ላይ «አትንኩኝ» ብሎ ያጽፋል። አንዱ ደግሞ ከታች የሚበራ ሰማያዊ መብራት ያስገጥማል፣ ቀን ቀን ብቻ ለሚያጠምድ ጀልባ! መጀመሪያ ላይ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ኋላ ላይ ግን ቀለሙና መብራቱ ሲበዛ፣ ስለ ውሃው የሚያወራ ሰው ሲጠፋ፣ ነገሩ ያናድደኝ ጀመር። ጀልባ እኮ ለሰርግ የሚሸለም መኪና አይደለም።

ከሁሉም በላይ የሚያስጌጠው ጓደኛዬ ነበር። ጓደኛዬ ስል እንዲያው ለአፍ አይደለም። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ የመጀመሪያዋን ጎጆ አብሮ ያቆመልን የእሱ አባት ነው። እኔ አፋን ኦሮሞ የተማርኩት ከእሱ ነው፣ እሱም አማርኛ የተማረው ከእኔ ነው፤ ሲቆጣ እንደ ወሎዬ የሚናገረው ለዚህ ነው። «ኦቦሌሳ» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። እኔም ወንድሜ ነው እላለሁ። መዋኘት ግን አንዳችንም አንችልም።

አሁን ስለ መቀመጫው ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። የእነዚህ ጀልባዎች መቀመጫ ከጎን ወደ ጎን የተጋደመ የአልሙኒየም ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ነጭ ደረቅ ፎም ታጭቆበታል፣ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት። ያላወቀ ሰው ሲያየው ጥቅም የሌለው ነገር ይመስለዋል። ጀልባው ውሃ ሞልቶት እንኳ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ግን እሱ ነው። አንድ ክረምት የኔ ጀልባ ዳር ታስሮ ዝናብ እስከ ጠርዙ ሞላው፤ ሄጄ ሳየው ከነውሃው ተንሳፍፎ ቆሞ አገኘሁት። የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ፎሙ አርጅቶ ሲበጣጠስ ጊዜም አውጥቼ ጥዬ፣ በምትኩ ክዳናቸው ጥብቅ ያለ ባዶ ሃይላንዶች ከሰርግ አዳራሽ ለቅሜ ጠቅጥቄ ሞላሁበት። «የኛ ቆራሌ መጣ!» ብለው ሳቁብኝ። እሺ ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

የጓደኛዬም ፎም አርጅቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ሸቶ ነበር። አወጣው። ጥሩ አደረገ። ግን በምን ተካው? በስፒከር! የመቀመጫውን ሣጥን ግንባር በትራፓኖ ቀዶ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ከተተበት። «ውስጡ ባዶ ሲሆን ባሱ ይመታል» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ቢገባብህስ?» አልኩት።

«ኦቦሌሳ፣ የሚንሳፈፈው እኮ ባዶ ነገር ነው።»

«ባዶ ጣሳማ ይንሳፈፋል። ክዳኑን ከፍተህ ውሃ ላይ ጣለውና እየው እስቲ!»

«እሺ፣ እሺ፣ እሞላዋለሁ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠየቅሁት፤ «አብሽር፣ እሞላዋለሁ አልኩህ እኮ» አለኝ፣ የኔኑ አብሽር መልሶ ለኔ። አመንኩት።

በእኛ ዘንድ ጀልባ ታድሶ ሲያልቅ ሳይመረቅ መኪና ላይ አይወጣም። የሰፈራችን ጃርሳ፣ ሽማግሌው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው አፍንጫው ጋ ይቆማሉ። «ነጋን ሃ ገሉ» ይላሉ፣ በሰላም ይግባ ማለት ነው። እኛም «ሃ ታኡ» እንላለን፣ ይሁን ብለን። ሣሩ ጀልባው ላይ ከታሰረ በኋላ ደግሞ የጀልባው ጉድለት አይነሣም። ቀለሙ ተዝረክርኮ ቢሆን፣ ሪቬቱ ጠምሞ ቢሆን፣ ያየ ሰው «ያምራል» ብሎ ያልፋል። ክፉ ቃል ውሃው ድረስ ይከተለዋል ይባላል። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ አክብሬውም ኖሬያለሁ።

የጓደኛዬ ጀልባ የተመረቀ ቀን ጓሮው ጢም ብሎ ሞላ። ሚስቱ በአዲስ ሻርፕ መጥታለች። ሽማግሌው መርቀው ሣሩን አሰሩ። እኔም «ሃ ታኡ» ብዬ ስጨርስ እጄን መቀመጫው ላይ ጣል አደረግሁ። ድው አለ። ሌላውንም መታሁት። እሱም ድው! አንዲት ቁራጭ ፎም፣ አንዲት ሃይላንድ አልገባበትም። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ።

«ይሄ ጀልባ ውሃ ከገባበት እንደ ድንጋይ ነው የሚሰምጠው!» አልኩ። ያሰብኩት ለእሱ ብቻ በጆሮው ልነግረው ነበር፤ ድምፄ ግን ጓሮውን አዳረሰው።

«በስመ አብ!» አለች አንዷ ሴት። ሽማግሌው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ጓደኛዬ ፊቱ ተለዋውጦ «ዛሬ? በዚህ ቀን? አታሟርትብኝ!» አለኝ። «ሟርት አይደለም፣ መቀመጫህን ክፈተው!» ብል ማን ይስማኝ? ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝ፣ ልክ ሰክሬ እንደረበሽኩ። እኔ፣ ጠላ እንኳ በአፌ ዞሮ የማያውቀው ሰው!

ሐይቁ ላይ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ላሳጥረው። በማግስቱ ሁለታችንም ወጥተን ነበር፣ እየተኳረፍን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ። ሙዚቃው እኔ ድረስ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ በጎን እየመታ ሁለታችንንም ያለብሰን ጀመር። የኔ ጀልባ ውስጥ ውሃው ጉልበቴ ድረስ ደረሰ፤ ከበደ፣ ተንገዳገደ፣ ግን አልሰመጠም። የእሱ ሙዚቃ በመሀል ቀጥ አለ። ቀና ስል የጀልባው ጀርባ የለም፤ አፍንጫው ብቻ ሣሩ እንደታሰረበት ወደ ሰማይ ቆሟል። ከዚያ አፍንጫውም ጠፋ።

ጓደኛዬ የቤንዚን ጀሪካን አቅፎ ነበር። ያአላህ! የዚያን ሰዓት ፊቱን ማየት ለጠላትም አልመኝም። እየቀዘፍኩ ደርሼ፣ ሸሚዙን አንገቱ ላይ ጨምድጄ ይዤ፣ ጀልባዬ ጠርዝ ላይ አንጠልጥዬ ጎተትኩት። ዳር ስንደርስ ሁለታችንም አሸዋው ላይ ተንበርክከን አለቀስን። ያኔ የታረቅን መስሎኝ ነበር።

እሑድ ወደ ጓሮው ስሄድ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ጀልባውን በገመድ ጎትተው አውጥተውታል፤ ተጭኖ ጓሮው ደርሷል፣ የኛ ሰዎች ዙሪያውን ከበው እየተነጋገሩ ነው። ስለ ፎም? ስለ ባዶ መቀመጫ? የለም! ስለ እኔ አፍ! «ተመርቆ እያለ ተናገረበት» ይላል አንዱ። «ሣሩ ገና እርጥብ ነበር እኮ» ይላል ሌላው። ጓደኛዬም ቆሞ «የሱ ቃል ነው የጎተተኝ» አለ። እኔ ነኝ የጎተትኩህ አንተ ከሃዲ! ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ! ይህን ልበል፣ አልበል እያልኩ ዞሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ስንገናኝ ለስሙ ያህል «አካም»፣ እንዴት ነህ፣ ይለኛል፣ መልሴን ሳይሰማ ያልፋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ሁለት ማዳበሪያ በባጃጅ ጭና ደጄ መጣች። ማዳበሪያው ሙሉ ባዶ ሃይላንድ ነው። ከሰርግ፣ ከስብሰባ፣ ከየሱቁ ስትለቅም ከርማለች።

«ኦቦሌሳ፣ ጀልባውን እያደሰው ነው» አለችኝ። «የስፒከሩን ቀዳዳ ደፍኖታል። ውስጡን ግን አሁንም አልሞላውም።»

«ሰምጦም አልገባውም?»

«ገብቶታልማ። ‹ከሞላሁት እሱ ልክ ነበር ማለት ነው፣ ሰው ምን ይለኛል› ነው የሚለው።»

ብድግ አልኩ። «በኔ እልህ ሊሞት ነው? እኔን ሟርተኛ ለማስባል ውሃ ውስጥ ሊገባ ነው? ተዪው አዴ፣ ተዪው! የራሱ ጉዳይ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ብዙ ጮህኩ። ያልበላሁትን የእናቷን ሽሮ ሁሉ የረገምኩ ይመስለኛል። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ጨረስክ?» አለች። «እሱ ለለቅሶ ኑኑ ቁምባ ሄዷል። እኔ ሪቬት አልችልም፤ አንተ ትችላለህ።»

ትራፓኖዬን ይዤ ተከተልኳት። ምን ላድርግ?

ጓሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። የድሮውን ሪቬት እየፈለፈልኩ የመቀመጫውን ክዳን አነሣሁ። እሷ እያንዳንዱን ክዳን በጥርሷ ጭምር እያጠበቀች ታቀብለኛለች፣ እኔ እንዳይንኳኳ አድርጌ እጠቀጥቃለሁ። ስንሠራ ሁሉ አፌ አላረፈም፤ ባሏን ሰደብኩ፣ ጃርሳውን ሰደብኩ፣ ያንን ባስ የፈጠረውን ሰው ሰደብኩ። እሷ አንዴ ብቻ ሳቀች። ክዳኑን መልሰን በሪቬት መታነው፣ ቀለሙ ያለበትን ታውቅ ስለነበር ሪቬቶቹን በብሩሽ ቀባቻቸው። ይህን ስትጽፍ ያውቅብኛል ብለህ አትፈራም ወይ የሚለኝ ካለ፣ ጓደኛዬ ከኳስ ወሬ በቀር አንብቦ አያውቅም።

እሱ ተመልሶ ጀልባውን አስመረቀ። እኔ አልተጠራሁም። ሐይቅ ሄደ፣ ነፋስም አገኘው፣ ውሃም ገባበት። በቀጣዩ እሑድ ሪቬት ልዋስ ብዬ ብየዳ ቤቱ ብቅ ስል መሀል ቆሞ ያወራል። «እስከ ጠርዙ ሞላኝ ስላችሁ! ጀልባዬ ግን ንቅንቅ አላለም። እየቀዘፍኩ ዳር ደረስኩ» አለ። ከዚያ አየኝ። «አያችሁ?» አለ እጁን ወደኔ ዘርግቶ፣ «ይሄ ሰውዬ አፉን ሲዘጋ ሰው በሰላም ይገባል።» ሳቁ። ሁሉም ሳቁ።

ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ክፈተው መቀመጫህን፣ ማን እንደተሸከመህ እየው ልለው። ሚስቱ ምሳ አምጥታለት ከጀርባው ቆማለች። አንገቷን ቀስ ብላ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ከተናገርኩ በዚያው ቀን መቀመጫውን ከፍቶ ሃይላንዱን እንደሚያወጣው ሁለታችንም እናውቃለን፤ እልኸኛ ነው። አፌን ዘጋሁ።

እና በየእሑዱ ሟርተኛ ይለኛል፣ እኔም በየእሑዱ እየተናደድኩ እሰማዋለሁ። ይበለኝ። የሞተ ሰው አይሳደብም።