ቆብ ወይስ ቅያሪ

ቀኝ ዳሌዬ በተራመድኩ ቁጥር ስለሚንቋቋ፣ ገና ከታቦር ተራራ ቁልቁል ስጀምር የሰፈራችን ውሾች መምጣቴን ያውቁ ነበር። ማጋነን ይወዳል ይሉኛል፤ ባለቤቴን ጠይቋት፣ እሷም ትሰማው ነበር።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት መንገድ አሳየን። አንደኛው የተበላሸውን የጭን አጥንት ራስ ሳይቆርጡ፣ ጠርበው የብረት ቆብ መድፋት ነው። ሁለተኛው የአጥንቱን ራስ ቆርጦ አውጥቶ መገጣጠሚያውን በሙሉ በሰው ሠራሽ መቀየር።

"ቆቡ አጥንቱ ጠንካራ ለሆነ ሰው ነው፤ ለእሱ ውጭ አገር መሄድ ይኖርብዎታል። ቅያሪውን ግን እዚሁ ሐዋሳ እሠራልዎታለሁ። ራጅ ይነሡና እንወስናለን" አለ።

ልቤ ቆቡ ላይ ቀረ። የፈራሁት መጋዙን ብቻ አልነበረም። በስቅለት ቀን ግንባሬን መሬት አስነክቼ መስገድ እፈልጋለሁ፤ ቅያሪ ያስገባ ሰው ደግሞ እንደዚያ መታጠፍ ይከለከላል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚቆረጠው አጥንትስ?

"እድራችን ለአጥንት ድንኳን ይጥላል?" ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። አልሳቀችም። እሷ ካልሳቀች ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

የውሳኔው ቀን ምርኩዜን በር ላይ ለባለቤቴ ሰጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ቀድሜያት ገባሁ።

"እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል!"

"ሕመሙስ?"

"አልፎ አልፎ ነው፣ ዶክተር። ትናንት እንኳ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ።"

"እስቲ ይራመዱ።"

ጥርሴን ነክሼ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተራመድኩ። ላቡ በጀርባዬ እንደ ቦይ ውሃ ወረደ። ሐኪሙ አንዴ ራጁን፣ አንዴ እኔን እያየ ግራ ገባው።

"ከራጁ ይሻላሉ። እንዲህ ከሆነማ መቸኮል የለብንም" አለ።

ልዘል ምንም አልቀረኝ። ያን ጊዜ ባለቤቴ፣ "ዶክተር፣ እስቲ የቀኝ እግሩን ካልሲ አውልቆ መልሶ ያጥልቅ ይበሉት" አለች።

ማውለቁን በግራ እግሬ አውራ ጣት እንደምንም ተወጣሁት። ለማጥለቅ ጎንበስ ስል ግን እጄ ጉልበቴ ጋ ቆመ፤ ዳሌዬ ውስጥ ፍም የተጣለ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየኋት። በየማለዳው ሳልጠይቃት የምታጠልቅልኝ እሷ ናት። አሁን እጇን አጣጥፋ ቆመች።

"ሞክር እንጂ፣ ተራራ ወጪው!" አለች። ዓይኔን ግን አላየችም።

ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሣው። "የአጥንቱ ራስ ውስጡ ተቦርቡሯል። ቆብ ቢደፉበት ከሥሩ ያለው የአጥንቱ አንገት ሊሰበር ይችላል። ውጭ ቢሄዱም ደህና ሐኪም እሺ አይልዎትም።"

"መስገዱስ?"

"ሲያገግሙ እናያለን፤ ግንባርዎ መሬት እንዲነካ ግን ቃል አልገባም። አሁንስ ይሰግዳሉ?"

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ያለፈውን ስቅለት ግድግዳ ተደግፌ ነው የዋልኩት።

"አልሰግድም" አልኩ።

ባለቤቴ አፍ አፌን ታያለች።

"ይቁረጡት፣ ዶክተር። ማደንዘዣውን ብቻ እንዳይረሱት፤ ጩኸቴ ይርጋለም ድረስ ይሰማል።"

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ግን ተንበርክካ፣ ፊቷን ሳታሳየኝ፣ ካልሲዬን ታጠልቅልኝ ጀመር።