ሚስተር ናይር ያላዩት አምስተኛ ቀን

ለሚስተር ናይር የነገራቸው ማን ነው? ከሃያ ዓመት በላይ ሳብሰለስለው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ ዛሬም መልስ የለኝም።

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ላይት ሬል ባቡር ውስጥ ከፊቴ ሁለት የህንድ ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንገታቸው ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ ተንጠልጥሏል፤ ከሬድመንድ፣ ከኮምፒውተር ኩባንያዎቹ ሰፈር፣ የሚመለሱ ይመስላሉ። አንደኛው ስልኩን በጣቱ እየመታ፣ "ትናንት ማቆም ነበረበት! ምን ይጠብቃል?" ይላል። ሁለተኛው፣ "ቆይ እንጂ፣ ገና ምን ይዞ ነው የሚያቆመው?" ይለዋል። ሌላ መንገደኛ ቢሰማቸው አክሲዮን ስለሚሸጥ ዘመዳቸው የሚያወሩ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ገባኝ፤ የሚከራከሩት ስለ ክሪኬት ነበር። ያነበብኩትን ዐረፍተ ነገር ሦስቴ ደግሜ ማንበቤን ሳውቅ መጽሐፌን አጠፍኩት። ቀና ስል ፌርማታዬን አልፌያለሁ። እኔ ፌርማታ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

ሚስተር ናይርን ሳውቃቸው ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት እስከ ትከሻዬ ከማይደርሱ ልጆች ጋር፣ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ሲያትል ስመጣም ሃይስኩል አልጨረስኩም ነበር። ጠዋት ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ሬኒየር ቢች እትዬ ስንዱ ቤት አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ቤቱ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። እትዬ ስንዱ ፈቃድ አውጥተው አምስት ሽማግሎችና አሮጊቶች ይጦሩበታል። ሦስቱ ከአልጋ አይነሱም ነበር ማለት ይቻላል። ሳሎኑ የሁለቱ ነበር።

አንዱ ሚስተር ናይር ናቸው፤ ከደቡብ ህንድ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ድልድይ መሐንዲስ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ። ሌላው ሚስተር ኮሊን፣ አውስትራሊያዊ፣ ድሮ የመርከብ መካኒክ ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ ትልቅ ሰውዬ። ሁለት ሶፋ፣ በመካከላቸው አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሪሞት። የሚስተር ኮሊን ልጅ ጣሪያ ላይ ዲሽ አስተክሎላቸው ስለነበር ክሪኬት እዚያ ቤት ይገባል።

"ያልተሻገርክበትን ድልድይ ስንት ዓመት ለካህ፣ ኢንጂነር?" ይላሉ ሚስተር ኮሊን።

"የሠራሁት ድልድይ አሁንም ቆሟል። የአንተ መርከብ የት ደረሰ?" ይላሉ ሚስተር ናይር፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

ጨዋታውን ያስተማሩኝ ሚስተር ናይር ናቸው፤ በማንኪያና በስኳር። እኔም ሕጉን ሳላውቅ የሚጫወቱትን ማየት አልወድም ነበርና ጠየቅኳቸው። አንዱ ወገን ዱላ ይዞ ኳስ እየመታ ነጥብ ያስቆጥራል፣ ሌላው ወገን መቺዎቹን አንድ በአንድ ያስወጣል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ትልቁ ጨዋታ፣ ቴስት የሚሉት፣ አምስት ቀን ይፈጃል። ለማሸነፍ በነጥብ መብለጥ ብቻ አይበቃም፤ አምስቱ ቀን ሳያልቅ የተቃራኒውን መቺዎች ሁሉ ማስወጣት ያስፈልጋል። ካላስወጧቸው ማንም አላሸነፈም። ስለዚህ እየመታ ያለ ካፒቴን፣ ገና መቺ እያለው፣ "ይበቃናል" ብሎ ልጆቹን መጥራት ይችላል። ያን ጊዜ ነጥብ ትቶ ሰዓት ገዛ ማለት ነው። መቼ ይጥራቸው? ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ሚስተር ናይር በፍጹም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። "መጀመሪያ እንዳትሸነፍ አድርግ" ይላሉ። ሚስተር ኮሊን ደግሞ፣ "እናንተ ዝናብ መጥቶ ጨዋታው እስኪቋረጥላችሁ ነው የምትጫወቱት" ይሏቸዋል።

እትዬ ስንዱ አምስት ቀን መሆኑን ሲሰሙ ማማሰያቸውን ይዘው ከኩሽና ወጡ።

"አምስት ቀን? ምሳ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ሲመሽ ሄደው ይተኛሉ፣ ኦኬ፣ ከዚያስ? መጨረሻ ላይ ማን ይበላል?"

"አንዳንዴ ማንም፣ እትዬ።"

"ኤዲያ! ይሄ ጨዋታ ሳይሆን የወሰን ክርክር ነው።"

በዚያ ታኅሣሥ ህንድና አውስትራሊያ አውስትራሊያ ሜዳ ላይ ተገናኙ። ሚስተር ናይር ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ጨዋታ ነው። የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ መስኮታችን ላይ ዝናብ እየወረደና ገና ሳይመሽ እየጨለመ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሣሩ ላይ ፀሐይ ይወጣል። የገና ጾም ነበር። እትዬ ስንዱ ሽሮና ምስር ይሠራሉ፤ ሚስተር ናይር ሥጋ በሕይወታቸው ስላልቀመሱ ከእኛ ጋር ይበላሉ። "እኚህስ ያለ ንስሐ አባት ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናቸው" ይላሉ እትዬ፣ ወፈር ያለውን ሽሮ እየጨለፉላቸው። ሩዛቸውንና ከሩዙ ጋር የሚበሉትን፣ በጨውና በቅመም የተዘፈዘፈ የሎሚ አቻር በጠርሙስ፣ በየሳምንቱ የምታመጣላቸው ግን ልጃቸው ሚራ ነበረች።

ሚራ ሬድመንድ የምትሠራ ኢንጂነር ናት። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ለእትዬ ስንዱ ኮል አደረገች። ሥራዋ ሦስት ሰዓት ወደሚያስነዳው ወደ ፖርትላንድ ከተማ ተዛውሯል፤ አባቷን እዚያ አቅራቢያዋ ካለ ሌላ ቤት ልታስገባቸው ነው፤ በጨዋታው አምስተኛ ቀን ጠዋት መጥታ ትወስዳቸዋለች። እንዳትነግሯቸው አለች። ከእሷ ቤት ወደ እኛ ሲዛወሩ አስቀድማ ብትነግራቸው እህል አልቀምስም ብለው ሆስፒታል ገብተው ነበርና ፈርታለች። ምሳ ልጋብዝህ ብላ ታወጣቸውና መንገድ ላይ ቀስ ብላ ትነግራቸዋለች።

"ልጅቷ ልክ ናት" አሉኝ እትዬ ስንዱ። "እኛስ ዘንድ መርዶ ዝም ተብሎ ይነገራል እንዴ? ሰዓት አለው፣ የሚነግር ሰው አለው። አስካለ፣ አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"እትዬ፣ ጠዋት ከወሰደቻቸው የጨዋታውን መጨረሻ አያዩም። አምስተኛው ቀን የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው።"

ማማሰያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ብዙ የማልናገር ሰው ስለነበርኩ ሳይገርማቸው አልቀረም። ደግመው ደወሉላት። ሚራ አዝና፣ መንገዱ ላይ በረዶ ይጥላል ስለተባለ በቀን መድረስ አለብኝ አለች። እትዬ ስንዱ ስልኩን ዘግተው፣ "ሶ፣ ምን ይደረግ?" አሉ። ምንም የሚደረግ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ባቀረብኩላቸው ቁጥር፣ መጨረሻውን ሳያዩ የሚሄዱትን እኚህን ሰው ማየት ከበደኝ።

በአራተኛው ቀን ህንዶች እየመቱ ነበር። በነጥብ ርቀው ሄደዋል። ሚስተር ኮሊን ከንፈራቸውን ነክሰዋል። በድንገት ሚስተር ናይር ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አሉና፣

"ይበቃል! ይጥራቸው!" አሉ።

ሚስተር ኮሊን ዞሩ። "ማን? አንተ ነህ ይጥራቸው የምትለው?"

"አሁን ይጥራቸው። ለመምታት ሲል ሰዓቱን እየበላ ነው።"

"ኢንጂነር፣ ታመሃል? ነገ ሙሉ ቀን አለው እኮ! ሌላ ሃምሳ ቢጨምር ማን ይከለክለዋል? አንተ ነህ መጀመሪያ እንዳትሸነፍ የምትለኝ።"

"እሱ ነገ ያለው ይመስለዋል።"

"የለውም እንዴ? አስካለ፣ ነገ ቀን የለም?" አሉኝ ሚስተር ኮሊን እየሳቁ። የሻይ ሰሃን ይዤ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብዬ ባዶ ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሚስተር ናይር ግን ቀድመው፣ "ልጅቷን ተዋት፣ እሷ አውስትራሊያዊ አይደለችም፣ ታስባለች" አሏቸውና ሳቁ ወደዚያ ዞረ። ካፒቴኑ አልሰማቸውም፤ ልጆቹ መምታታቸውን ቀጠሉ።

ራት ተበልቶ ኪኒናቸውን ክፍላቸው ስወስድላቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ውኃውን ተቀብለው፣

"ነገ ነው አይደል? ፖርትላንድ" አሉኝ።

ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

"አትመልሺልኝ። ውሸት አይሆንልሽም፣ ፊትሽን አበላሽተሽ ትቀሪያለሽ።" ኪኒኑን ዋጡ። "ሚራን ግን አደራ እልሻለሁ።" እርግጥ አደራ የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ በእንግሊዝኛ ያሉት ነገር በእኔ ጆሮ እንደዚያ ነበር። "እንዳወቅኩ እንዳትነግሪያት። ይህን ለመደበቅ በጣም ደክማለች። ልጅ ሆና ምንም ሚስጥር መያዝ አትችልም ነበር፤ የልደት ስጦታዬን እንኳን ገና ሳትገዛው ትነግረኝ ነበር። አሁን አንዱን ይዛለች። አላበላሽባትም።"

"ጨዋታውስ?" አልኳቸው። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ የመጣልኝ ግን እሱ ነው።

"ተቃራኒ ቡድን እስኪያስወጣሽ ከጠበቅሽ በእነሱ ፈቃድ ወጣሽ ማለት ነው" አሉ፣ ብርጭቆውን እየመለሱልኝ። "ሳይደርሱብሽ ብትወጪ ይሻላል። መብራቱን አጥፊልኝ።"

ማን ነገራቸው? እኔ አልነገርኳቸውም፤ እትዬ ስንዱ ግን በማግስቱ የሚስተር ናይርን አለባበስ አይተው ስለጠረጠሩኝ ለብዙ ጊዜ በጎሪጥ ሲያዩኝ ከረሙ። ሚስተር ኮሊን ይሆኑ? ስልኩ የሚገኘው ከሶፋቸው ጀርባ ነው፤ የጆሮ መሣሪያቸውንም ሲፈልጉ ነው የሚዘጉት። ወይስ ማንም አልነገራቸውም? በዚያ ሳምንት ሚራ አዲስ የአቻር ጠርሙስ አላመጣችም ነበር። የድልድይ መሐንዲስ ከዚህ ያነሰ ስንጥቅ አይቶ ብዙ ነገር ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቀርቼ እዚያው ነበርኩ፤ ሚራ መጣች። ሚስተር ናይር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ካፖርታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሶፋቸው ላይ ጠበቋት።

"አባዬ፣ ምሳ ልጋብዝህ ነው የመጣሁት" አለች። ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

"ጥሩ፣ ርቦኛል" አሉ። ቁርስ ከበሉ ገና አንድ ሰዓት አልሞላቸውም።

እትዬ ስንዱ ሻንጣዎቹን በጓሮ በር እያወጡ መኪናዋ ላይ ይጭናሉ። የሻንጣው ጎማ በደረጃው ላይ ሲወርድ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ሚስተር ናይር አንገታቸውን ወደዚያ አላዞሩም። ሚስተር ኮሊን ተነሡ፤ ያለ ሰው እርዳታ ከሶፋ ሲነሡ አይቼ አላውቅም ነበር።

"ለምሳ እንዲህ ይለበሳል?"

"ልጄ ጥሩ ቦታ ነው የምትወስደኝ።"

ተጨባበጡ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎሻሸሙ ኖረው አንድ ቀን እንኳን ሲጨባበጡ አይቼ አላውቅም። እጃቸው ቶሎ አልተላቀቀም። ከዚያ ሚራ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ኮሊን ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ሪሞቱን አልነኩትም፤ እኔ ከፈትኩት። ህንዶች ቀኑን ሙሉ እየታገሉ የአውስትራሊያን መቺዎች አስወጡ፤ ሁለቱ ሲቀሩ ሰዓቱ አለቀ። ማንም አላሸነፈም። ሚስተር ኮሊን ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፣ ቡድናቸው ከሽንፈት ተርፏል።

"ትናንት ቀደም ብሎ ቢጠራቸው ኖሮ አልቆልን ነበር" አሉ። "ኢንጂነሩ ልክ ነበር።" ቆይተው ደግሞ፣ "ከደወለ እንዳትነግሪው" አሉኝ።

ሚስተር ናይር ፖርትላንድ ሁለት ዓመት ኖረው ዐረፉ። ሚራ በየዓመቱ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ካርድ ትልክልኛለች፣ አንዳንዴም እንደዋወላለን። እኔ ትምህርቴን ቀጥዬ፣ አሁን ቤልቪው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። የአባቷን አደራ አልነካሁም። የሕያው ሰው አደራ ቢከብድ ባለቤቱን ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ የሞተን ሰው ማን ይጠይቅልኛል?

ፌርማታዬን ባለፍኩበት ቀን ቤት ገብቼ ለሚራ ደወልኩ። ስለ ወጣቶቹ ክርክር ነገርኳት፤ ሳቀች። ስለ ልጆቿ አወራን። ከዚያ ስለ አባቷ ሲነሳ ድምፅዋ ወረደ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቆጨኝ" አለች። "አታልዬው ወሰድኩት። መንገድ ላይ ልነግረው ነበር፣ አልቻልኩም። ሲደርስ ነው ያወቀው። እንደ ዕቃ ጭኜ ወሰድኩት።"

መነጽሬን አወለቅኩ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አደራው እሷን ላለመጉዳት ነበር፣ አሁን የሚጎዳት ግን አደራው ራሱ ነው። ነገርኳት። ኪኒኑን፣ ብርጭቆውን፣ የልደት ስጦታውን፣ ያሉትን ሁሉ እንደ አባባላቸው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

"ተኝቶ ነበር" አለችኝ። "ከሲያትል እስከ ፖርትላንድ ተኝቶ ነበር። እኔም እፎይ ብዬ ዝም ብዬ ነዳሁ፣ ተኝቷልና አልነገርኩትም።" ትንፋሽ ወሰደች። "አስካለ፣ አባቴ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። በሕይወቱ አያውቅም።"

እኛ ዘንድ መርዶ ሲነገር አልቃሽ አለ፣ ደጋፊ አለ፣ የሚቀመጥ ጎረቤት አለ። እኔ የነበረኝ አንድ ስልክ ነው። እያለቀሰች መስሎኝ ሳለ ሳቋን ሰማሁ። እየጨመረ ሄደ። እኔም ከማዶ ሆኜ እስክትጨርስ አዳመጥኳት።