ፎርማት የሚሉት መድኃኒት

ፈዲላ ስትቆጣ ላምበረት መናኸሪያ ታክሲ የሚጠራው ረዳት እንኳ ጥሪውን ያቋርጣል ይባላል። ማጋነን ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ከመናኸሪያው ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቋ ፎቶኮፒ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች። መንገደኛ ስልኩ ሲዘጋበት «እህቴ፣ ትንሽ ቻርጅ ላድርግ» ይላታል፤ እሷም እየተነጫነጨች ከኮምፒውተሩ ጀርባ ትሰካለታለች። ቁጣዋ አፏ ላይ ነው እንጂ እጇ እምቢ ማለት አያውቅም።

የዚያን ዕለት ጠዋት እምቢ ያለው ኮምፒውተሩ ነው። ስታበራው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ያወጣና ድርቅ ይላል። ብታጠፋው፣ ብታበራው፣ በጥፊ ብትለው ያው ነው። ውስጡ ደግሞ የአባቷ መንዙማ አለ።

አባቷ ሼህ ሙነወር ወሎ ሳሉ የገጠሙትን መንዙማ ሁሉ በቃላቸው ይዘው ኖሩ እንጂ ወረቀት ላይ አላሰፈሩትም። እርጅናው ሳይጫናቸው እሳቸው እያዜሙ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ ከረመች። አሁን መርሳት ገብቶባቸዋል፤ አንዱን ይጀምሩና መሀል ላይ «ምን ነበር?» ይላሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሌላ ቦታ ገልብጪው» ብለው የመከሯት ሰዎች ነበሩ። መልሷ ሁልጊዜ «ነገ» ነበር።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ብርሃኑ ከጎን ካለው ሕንፃ መጣ። ስክሪኑን አንዴ ገልመጥ አደረገና፣ ገና ወንበር ሳይስብ፣ «ፎርማት ይፈልጋል» አለ። በዚህ ሰፈር ኮምፒውተር ቢያስነጥስም መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር።

«ውስጡ ያለውስ?» አለች ፈዲላ።

«ይጠፋል። ምን ነበረሽ?»

«የአባቴ መንዙማ።»

«መንዙማ ከሆነማ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል እኮ።»

ደሟ ፈላ። «የአባቴ ነው ያልኩህ። እሳቸው ራሳቸው ጋ እንኳ የለም፤ ኢንተርኔት ከየት ያመጣዋል? ተነስ ከዚህ።»

«ካልተፎረመተ አይነሳም ስልሽ?»

«አይነሳ። ተኝቶ ይኑር። አንተ ግን እጅህን እንዳታስጠጋው።»

ብርሃኑ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። ፈዲላ ሌላ ሰው ጋ ልትወስደው ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር ጎተተችና ከኋላው የተሰካውን ሁሉ በንዴት ትመነጭቀው ጀመር፤ የፕሪንተሩን ገመድ፣ የመንገደኞቹን የስልክ ኬብሎች። በመጨረሻ ጣቷ ግድግዳው በኩል የተሸጎጠ ሰማያዊ ፍላሽ ነካ። በማርከር «ብሬ» ተብሎ ተጽፎበታል። ትናንት ፕሪንተሩን ሊያስተካክል መጥቶ ሰክቶት የረሳው የብርሃኑ ነው።

ቆም አለች። መብራቱንና ስክሪኑን ብቻ ሰክታ አበራችው፤ ምንም እንዳልነበረ ተነሳ። አጥፍታ ፍላሹን መለሰችው፤ ያው መስመር መጥቶ ተገተረ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አስቀድሞ ፍላሹን ያያል፤ የሚነሳበት ነገር አያገኝበትም፤ ይቆማል። ያን ጊዜ ነው መስመሩን ያነበበችው። «የሰካችሁትን ንቀሉ» ነው የሚለው። ጠዋት ሙሉ ዓይናቸው ሥር ሆኖ ሲነግራቸው እሷም አላነበበችውም፣ ጠጋኝ ተብዬውም አላነበበውም። በማን እንደምትናደድ እንኳ ጠፋት፤ በሁለቱም ተናደደች።

ፍላሹን ወስዳ ብርሃኑ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። «በዚህች ነው አባቴን ልትጠርግብኝ የነበረው።»

ብርሃኑ ፍላሹን አገላብጦ አየ። «ቢሆንም፣» አለ፣ «በፎርማትም ይነሳ ነበር።»

ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም።

ደንበኛ አቁማ መንዙማውን በሙሉ አተመችና አባቷ ወደሚኖሩበት ቦሌ አራብሳ ይዛው ሄደች። ኮንዶሚኒየሙ ደርሳ አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ሼህ ሙነወር ዓይናቸውን ጨፍነው እየተወዛወዙ ሰሙ።

«ማሻአላህ። የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እኮ፣ አባ።»

ፊታቸው ተለወጠ። እንዲህ ሲቆጡ ካየቻቸው ቆይቷል። «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሐቅ በኔ ስም አታድርጊ። ይሄን የገጠመ ሰው ለፍቶበታል። ባለቤቱን ፈልገሽ መልሺለት።»

ፈዲላ የምትቆጣው ሰው አጣች።

«እሺ አባ፣» አለች፤ «እፈልገዋለሁ።»