አቼቶ የሚሸተው ፊልም

ዛሬም አሌክሳንድሪያ ያለውን ጋራዤን ስከፍት የአቼቶ ሽታ ሰነፈጠኝ። ከአጎቴ ከጋሼ ታደሰ የወረስኩት ፊልም አርጅቶ ኮምጥጦም አላረፈም! ልጅ ሳለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንታችን ውስጥ፣ ከያርድ ሴል አሮጌ ዕቃ መሃል የገዙትን የፊልም ቆርቆሮ ታቅፈው፣ ፊልሙን ስለሠራው የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ኩባንያ ሲያወሩ ያደነቁሩን ነበር። አንድ እሁድ ኩባንያው በእሳት ይወድማል፤ በሚቀጥለው እሁድ የኩባንያውን ባለቤት ሸሪኩ ይከዳዋል።

«ጋሼ፣ ባለፈው ተቃጠለ አላሉም?»

«ፊልሙስ ዝም አለ፤ እኔም ዝም ልበል?»

ፊልሙ ተጣብቆ ስለነበር አንድም ቀን አላየነውም።

አሁን ደግሞ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ጋራዡ ውስጥ መጣች። «ዳድ፣ ፕሊስ ጣለው!»

«ኩባንያው በእሳት ሲወድም የተረፈው ይኸ ብቻ ነው!»

«ባለፈው ሸሪኩ ከዳው አላልክም?»

«ዝም በይ!» አልኳት። ለካ ቆርቆሮውን ታቅፌዋለሁ።