ማንኪራ ያልኩ ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም እቆጥርና ይሄኛው ሲቀር ተነስቼ እሄዳለሁ። እናንተ አታውቁኝም። ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ ለእናንተ መጻፉ የቀለለኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቦንጋ፣ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ የመምህራን ጥናት የሚታተምበት መጽሔት የሚዘጋጅባት ጠባብ ቢሮ አለች። እዚያ ተላላኪ ነኝ። እጠርጋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ፖስታ አደርሳለሁ። ሥራውን ያገኘሁት እንግሊዝኛ ስለማላነብና ወሬ ስለማላበዛ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ዶክተር አልማዝ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ። «እዚህ የምፈልገው ዝም የሚል ሰው ነው» አሉኝ። እኔ ሰው ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ስሜ ሲጠራ አንገቴን የምደፋ ልጅ ነበርኩ። ዝምታዬን እንደ ሙያ የቆጠረልኝ ሰው ከእሳቸው በፊት አላየሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ መምህር ጥናቱን ሲያመጣ ዶክተሯ ስሙ ያለበትን ገጽ ያወጡና ቀሪውን በቡናማ ፖስታ ያሽጉታል። እኔ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው አደርሳለሁ። ያ ሰው ገምጋሚ ይባላል። አንብቦ ጉድለቱን ይጽፋል፣ አሽጎ ይመልሳል። ዶክተሯ ደግሞ አስተያየቱን ራሳቸው በኮምፒውተር ይገለብጡታል፤ የእጅ ጽሑፉ እንኳ እንዳይታወቅ። ገምጋሚው የማንን ጽሑፍ እንዳነበበ አያውቅም። ጸሐፊውም ማን እንዳነበበበት አያውቅም።

«እንዲህ ካልሆነ ሰው እውነቱን አይጽፍም» አሉኝ ዶክተሯ። «ነገ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን የሚቀመጥ ሰው፣ ሥራህ አይረባም ብሎ እንዴት ይጽፋል? ሁለቱንም የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን።»

ገብቶኝ ነበር። ያልተማረች ናት፣ ሳታውቅ ነው እንዳትሉልኝ። ገብቶኝ ነበር።

ከገምጋሚዎቹ ሁሉ ሩቅ ያሉት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ማንኪራ፣ ጫካው ውስጥ ቀፎ ሰቅለው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤታቸው ኔትወርክ አይደርስም፣ ስለዚህ ባጃጅ እስከሚገባበት እሄድና የቀረውን በእግሬ ነው። ስደርስ በርጩማ ያቀርቡልኛል። በካፊኛ ስለ ንቦቻቸው ያወሩልኛል፣ እኔ እሰማለሁ። ከዚያ እሸት ማር በኮባ ቅጠል ላይ ያመጡና «ይሄ አፍ ማውራቱን ካልወደደ ይብላበት እንጂ!» ብለው ይስቁብኛል። ከእሳቸው ጋር ስሆን አላፍርም ነበር።

የእሳቸው ፖስታ ሲመለስ ሁልጊዜ ከሄደው ይከብድ ነበር። እጄ ያውቀዋል። አምስት ስድስት ገጽ ይጽፉበታል። በገበያ ቀን ቦንጋ ሲወጡ ቢሯችን ይገቡና ከዶክተሯ ጋር እንደ ወንድምና እህት ይከራከራሉ። ሁለቱንም ሌላ የሚያወራቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

መምህር ሳሙኤል ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ምሳዬን በመምህራኑ ሻይ ቤት ጥግ፣ ግድግዳውን እያየሁ እበላ ነበር። አንድ ቀን ከፊቴ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ስምሽ ማን ነው?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ግቢ ስሜ «ተላላኪዋ» ነበር። «አስቴር» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሲመቸው እየመጣ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዝዝልኛል፣ ስለ አገሩ ያወራል። ፍቅር ነበር ብላችሁ አትገምቱ። ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ አለመሆኑ ብቻ ነበር። ሰው ለዚህ ብቻ ብሎ ሰውን ይሸጣል? እኔ ሸጥኩ።

በዚያ ሰሞን ስለ ጫካ ማር የተጻፈ አንድ ጥናት ለጋሽ ወልዴ አድርሼ ነበር። ልቀበል ስሄድ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር። ጋሽ ወልዴ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ ተቆጡ። «ይሄ ሰውዬ ጫካውን አላየውም። ገተም ዛፍ የሚያብብበትን ወር ስቷል። ማር ቆራጮቹ የነገሩትን ደግሞ ራሱ ያገኘው አስመስሎ ጽፎታል፤ ስማቸው የት አለ?» የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቁም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። ምንም አላልኩም። ያን ቀን ገና ታማኝ ነበርኩ።

ዶክተሯ አስተያየቱን ገልብጠው ለሳሙኤል በሰጡት ማግስት ሻይ ቤት መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ተቀመጠና ሻዩን አማሰለ። ቀና አለና ፈገግ ብሎ «አስቴር፣ ያን ቀን እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ሆነሽ የመጣሽው ከየት ነው? ዓሣ ልታጠምጂ ወርደሽ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ሳቅኩ። ሻይ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥቼ ስቄ አላውቅም ነበር። እየሳቅኩ «ማንኪራ» አልኩት።

ማንኪራ። ይኸው ነው ወንጀሌ። ስንት ሌሊት ተኝቼ «ስም አልጠራሁም፣ ቦታ ነው የጠራሁት» እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ? ማንኪራ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት የሚገመግም ስንት ሰው ኖሮ ነው? ለምን እንደጠየቀኝ አላወቅኩም ነበር? አውቄያለሁ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አውቄያለሁ። ዝም ብል ተነስቶ እንዳይሄድ ፈራሁ፣ ስለዚህ ተናገርኩ። እሱ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ሁለተኛ ከፊቴ አልተቀመጠም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዳቸው ከዶክተሯ ጋር ሻይ ቤት ገቡ። ከሳሙኤል ጠረጴዛ አንዱ እንደ ንብ «ዝዝዝ» አለ። ወጣቶቹ መምህራን ሳቁ። ሳሙኤል ጮክ ብሎ «ጋሼ፣ ሰው ከመገምገምዎ በፊት ንቦችዎን ይገምግሙ!» አላቸው። ጋሽ ወልዴ ሳሙኤልን አላዩትም። ቀስ ብለው ዞረው ዶክተሯን አዩ። የዶክተሯም ፊት ቀላ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ጥጌ ላይ ግድግዳውን እያየሁ ነበር።

ዶክተሯ ሌላ ፖስታ አስይዘው ሲልኩኝ ጋሽ ወልዴ በርጩማውን እንደ ድሮው አቀረቡልኝ። ማሩንም አመጡ። ፖስታውን ግን አልነኩትም። «መልሺላቸው» አሉኝ። «እንደ እህቴ ነበር የማያቸው። ስሜን ለምን አወጡት?» ቀጥለውም «አንቺ ትሻያለሽ። አንቺስ ምስጢር ታውቂያለሽ» አሉኝ።

አፌ ውስጥ ማር ነበር። ዋጥኩት። አልተናገርኩም። መናገር በማይገባኝ ቀን ተናግሬ፣ መናገር በሚገባኝ ቀን ዝም አልኩ። የቱ ይብሳል? እኔ ሁለተኛው ይብሳል እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሻይ ቤት ነበርኩ፣ ሳቅ ነበረ፣ ደንግጬም ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ማን ያዘኝ? ከእኚያ ሽማግሌና ከንቦቻቸው በቀር የሚሰማኝ አልነበረም።

ቢሮ ስመለስ ዶክተሯ «ምን አሉ?» አሉኝ። «አሞኛል አሉ» አልኩ። ደንግጠው ቅዳሜ ሄደው ሊጠይቋቸው ተነሱ። «አያገኟቸውም፣ ሊታከሙ ቢታ ገነት ዘመድ ጋ ይሄዳሉ» አልኩ። በአንድ ቦታ ስም ያፈረስኩትን በሌላ ቦታ ስም ሸፈንኩት። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወልዴ ቦንጋ ቢወጡም ወደ ቢሯችን አልዞሩም። ዶክተሯም «እንዴት ሆኑ?» ብለው መላክ ተዉ፤ ጋሽ ወልዴ የናቋቸው መሰላቸው።

ወሬው ሌሎቹም ገምጋሚዎች ጋ ደረሰ። ፖስታዎቹ ቀለሉ። አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ ገጽ ነው የሚመጣው። ዶክተሯ እንደሚነግሩኝ ገምጋሚዎቹ «ጥሩ ነው፣ ይታተም» ብቻ ነው የሚጽፉት። የሳሙኤል ጥናት ማንም ሳይገመግመው ሌላ መጽሔት ላይ ወጣለት። እሱ ተዛውሮ ሄዷል። ጽሑፉን ግን ተማሪዎች እያመጡ ፎቶ ኮፒ ያስነሱታል፤ የተሳሳተው ወር፣ የተሰረቀው የማር ቆራጮቹ ቃል፣ ሁሉም እንዳለ ነው፤ ዶክተሯ አንብበው ነግረውኛል። የማነሳላቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ አንድ ቀላል ፖስታ ከፈቱ በኋላ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጎን አደረጉት። «አስቴር፣ ጋሽ ወልዴን እኔ ምን አድርጌያቸው ይሆን?» አሉኝ። እኔን ነው የጠየቁት። ዝም የምትለዋን።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ለእናንተ ከምልከው ሌላ ሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። አንዱን ሰኞ ጠዋት የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አኖረዋለሁ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲሆን ስሙ ያለበትን ገጽ ያወጣሉ፤ እኔ ግን ስሜን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። ሥራዬ ሊቀር ይችላል። ይቅር። ብቸኛ ነበርኩ ማለት እውነት ነው፣ ግን ጋሽ ወልዴም ብቸኛ ነበሩ፣ ዶክተሯም ብቸኛ ነበሩ፤ እነሱ ማንንም አልሸጡም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ሁለተኛውን ቅጂ ከሰኞ በፊት፣ ቅዳሜ፣ ማንኪራ ይዤው እሄዳለሁ። ጋሽ ወልዴ በርጩማውን ያቀርቡልኛል። አልቀመጥም። ማሩን ሳልቀምስ፣ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።